በፍልሰታ የሚሮጡ

በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ እንጦጦ ላይ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ከእንጦጦ ማርያም በድምፅ ማጉያ የሚወርደው ሰዓታት ነው። ካህናቱ ሌሊቱን ቆመው አድረው ድምፃቸው ሻክሯል። ሁለተኛውን ለመለየት ጆሮን ማቆም ያስፈልጋል፤ ጭቃ ላይ ቸብ ቸብ የሚል፣ እኩል የሚያርፍ የብዙ እግር ድምፅ ነው። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሻቸው ነው። ቀጥሎ ቱታው፣ ቀጥሎ ኮፍያው፣ በመጨረሻ ፊታቸው ይመጣል። አሥራ አንድ ናቸው፤ ስምንት ሴቶችና ሦስት አሯሯጭ ወንዶች። የቅጽሩ በር ጋ ሲደርሱ ሳይቆሙ ዝግ ይላሉ፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ያማትባሉ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው መሬቱን ነክተው ጣታቸውን ይስማሉ። ከወንዶቹ አንዱ አያማትብም፤ ሙስሊም ነው። ሆኖም ጓደኞቹን ጥሎ እንዳይሄድ እሱም እግሩን ያቀዘቅዛል። ወዲያው አሰልጣኙ ከኋላ "በሉ እንጂ!" ይልና ዳገቱ ይጀመራል።

የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ እዚያ ሲሳሳ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። እኔ ከአሰልጣኙ አሮጌ መኪና ወርጄ ሃምሳ እርምጃ ስራመድ ልቤ ደረቴን ደበደበችኝ። እነሱ የዚያን ቀን የታዘዘላቸው 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከመካከላቸው የሚበዙት ደግሞ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ሥጋና ወተት ቀርቶ እህል የሚቀምሱት ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ሩጫው አልቆ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ አንዷን አነጋገርኳት። ከአርሲ የመጣች የ21 ዓመት ልጅ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። እጇ ላይ ግማሽ የደረሰ ሃይላንድ ይዛለች።

"አምና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልነካም ነበር ጋሼ" አለችኝ። "ኮች ይለምነኛል። እሱ በለመነኝ ቁጥር እኔ እልህ ይይዘኛል።"

"ዘንድሮ ምን ተገኘ ታዲያ?"

ወደ ጓደኞቿ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንዲት ልጅ አለች፤ አምና ገና ከሀገር ቤት መምጣቷ ነበር። አንድ ቤት ነው የተከራየነው። እኔ ያደረግሁትን ሁሉ ታደርጋለች። ሳልጠጣ ስታየኝ እሷም አልጠጣም አለች። አንድ ቀን ሱሉልታ ላይ ሊያልቅልን ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ወደቀች። ከፊቷ ነበርኩ። መውደቋን ሰምቻለሁ፤ ግን አልዞርኩም፣ ሰዓቴን ነበር የማየው።"

ነገሩ አላስተኛት ሲል ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ "ልጄ፣ እመቤታችን ጥማትሽን አልጠየቀችሽም። ያቺን ልጅ ግን ትጠይቅሻለች" አሏት። ከዚያም ከልምምድ በኋላ ውሃ እንድትጠጣ፣ የጾም ምግቧንም በጊዜ እንድትበላ አዘዟት።

"መጾሙ አይደለም የከበደኝ፤ መጠጣቱ ነው" ብላ ሳቀች። "ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ።" ይህን ብላ ጠርሙሱን አጠገቧ ለተቀመጠችው ቀጭን ልጅ አቀበለቻት። ያቺው ልጅ መሆኗ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንጦጦ የወጣሁት ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር። ስለ ጽናት፣ ስለ ብርታት፣ እምነት ያላቸው አትሌቶች እንዴት እንደሚያሸንፉ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሞልቷል፤ እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፌአለሁ። ከዚያች ልጅ ወሬ በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠብኝ። ጾምና ልምምድ መጀመሪያ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ለራስ እምቢ ማለትን። አልጋው ሲሞቅ መነሣት፣ እግር ሲዝል መቀጠል፣ ሆድ ሲጠይቅ ማስጠበቅ። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰውም እዚያው ላይ ተመርቄአለሁ ብሎ ይቀመጣል። ራሱን የገዛ ሰው ግን ያንን ጉልበቱን ለማን ያውለዋል? የመጀመሪያውን ክፍል ያለፉ፣ ሁለተኛው ላይ የወደቁ ጀግኖች አውቃለሁ።

እስቲ ወደ ቀን መቁጠሪያው እንሂድ፤ ለእኛ ሀገር ሯጭ ነገሩ እዚያ ላይ ተጽፏል። የኦሎምፒክ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ በጋ ስለሚደረግ የአትሌቲክሱ ሳምንት ከፍልሰታ ጋር ይጋጠማል። ተአምር አይደለም፤ የአዘጋጆች መርሐ ግብር ነው። ቢሆንም ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በገባበት ዕለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ አቴንስ ላይ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2:06:26 የጨረሰው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የሁሉም አባት የሆነው አበበ ቢቂላም የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው ተብሎ ተመዝግቧል፤ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ ስልሳ ዓመት በሞላው ነበር።

ከሁሉም ግን ለንደን ነው የማይረሳው። ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ፣ የሴቶች 5,000 ሜትር ፍጻሜ። ውድድሩ በቀሰስተኛ ሰዓት ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ዙሩ ከረረ። በመጨረሻው ቀጥታ መሠረት ደፋር ከጥሩነሽ ዲባባና ከኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሩዮት አፈትልካ ወጥታ በ15:04.25 ገባች። ቼሩዮት ከእሷ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አልራቀችም። መሠረት መስመሩን እንዳለፈች እጇን ከመለያዋ ውስጥ ከታ አንዲት ሥዕል አወጣች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይባት፣ የእኛ ሰው "ምስለ ፍቁር ወልዳ" የሚላት ሥዕል ናት። ፊቷ ላይ አጣብቃት አለቀሰች፤ ከዚያ ለካሜራው ዘረጋቻት። አሥራ ሁለቱን ዙር ተኩል ላቧን ስትጠጣ የነበረች ወረቀት የዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣች። አቴንስ ላይ ወርቅ፣ ቤጂንግ ላይ ነሐስ፣ ከአቴንስ ስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና ወርቅ። በእኛ ሰፈር ያኔ ቴሌቪዥን ያየ ሁሉ እልል ብሏል።

እኔም እልል ብያለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በዚያች ማታ ጥሩነሽም ሦስተኛ ሆና ገብታለች፤ ከአንድ ሳምንት በፊት 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ነበር። ኬንያዊቷም ብትሆን ያለ አምላክ የምትሮጥ አይመስለኝም። ሥዕሏ ለመሠረት ያደላች አድርጎ የሚያወራ ሰው ካለ፣ እምነትን ከሎተሪ ጋር አምታትቶታል። እኔ ሥዕሏን የማያት ሌላ ቦታ ነው፤ ማንም ባላያት ጊዜ፣ መለያው ውስጥ ተደብቃ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ። ከዚያች ማታ በፊት በነበሩት ሺህ ማለዳዎች የነበረው ጸሎት ካሜራ አልነበረውም።

ስለ ጾሙ ምግብ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ስሕተት ነው። የጾም ማዕድ ለሯጭ ደካማ አይደለም። የረጅም ርቀት ሯጭ ጡንቻ በብዛት የሚያነደው ከእህል የሚገኘውን ኃይል ነው፤ እንጀራ ደግሞ ያ ነው። ሽሮውና ምስር ወጡ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ እህልና ጥራጥሬ አንድ ትሪ ላይ ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ከላቦራቶሪ በፊት ነው። ከእንስሳት ውጤት የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 እንኳ ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስላለው፣ ደህና ሲበላ የከረመን ሰው የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ባዶ አያስቀረውም። የሚጎዳው የሰዓቱ ነገር ነው። ከከባድ ሩጫ በኋላ ጡንቻ ያጣውን በፍጥነት የሚተካው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ በላብ የወጣ ውሃ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ለተራ ምእመን ጾም ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ለሮጠች ልጅ ኩላሊት መቅጣት ነው። ብዙ አሰልጣኝና ብዙ ንስሐ አባት ሳይተዋወቁ እዚህ ላይ ይስማማሉ። ምእመኑ እንዲጾም የታዘዘው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለሆነ፣ ሯጭና ጾም መፋታት አይችሉም፤ መግባባት ነው ያለባቸው።

ሁለቱ ደግሞ ባዕድ ለባዕድ አይደሉም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። የቅዱሳንን ታሪክ "ገድል" እንለዋለን። ቃሉ ከግእዙ "ተጋደለ" የመጣ ነው፤ መታገል፣ መፎካከር ማለት ነው። ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው መጸለያቸው የተጻፈበት መጽሐፍ ገድል ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኛውም ቀነኒሳ ሲያሸንፍ "ታላቅ ገድል ፈጸመ" ይላል፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደተበደረ ሳይታወቀው። ብድሩ የቆየ ነው። ግሪኮች የመነኮሳትን ተጋድሎ የሚጠሩበት "አስኬሲስ" የሚለው ቃል አስቀድሞ የአትሌቶች ልምምድ መጠሪያ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫውን ምሳሌ ያነሣው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ከቆሮንቶስ ጥቂት ራቅ ብሎ በየሁለት ዓመቱ የኢስሚያ ጨዋታዎች ይደረጉ ነበር፤ አንባቢዎቹ ሯጮቹን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። አሸናፊው የሚደፋው አክሊል ደግሞ ከጥድ ቅርንጫፍ ወይም ከጠወለገ ቅጠል የሚሠራ ነበር። ስለሚጠፋ አክሊል ሲነግራቸው ምን ማለቱ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ገና ራስ ላይ ሳይደፋ የጠወለገ ነውና።

እምነትንና ስፖርትን አንድ ጣሪያ ሥር ለማሳደር በዘመናችን ብዙ የሞከረው ወወክማ ነው። አራት ኪሎ ያደገ ሰው ስሙን ሲሰማ ኳስና ጠረጴዛ ቴኒስ ትዝ ይለዋል እንጂ፣ የፊደሎቹ ትርጉም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል? ማኅበሩ ለንደን ውስጥ በ1844 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ቅርጫት ኳስን በ1891 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ጄምስ ናይስሚዝም የሥነ መለኮት ትምህርት የጨረሰ ካናዳዊ ሲሆን፣ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የማኅበሩ ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር። ክረምት ቤት ውስጥ ተዘግተው ለሚበጣበጡ ወጣቶች ጨዋታ ፍጠር ተባለ። ሰው እንዳይጋጭ አስቦ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ፤ ግቡንም ከራስ በላይ ሰቀለው፤ 13 ሕግ ጻፈ። የጓደኛህን ጥርስ ላለማውለቅ ተብሎ የተፈጠረ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ሲጫወቱ ሳይ ግን ናይስሚዝ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ።

የሁለተኛውን ክፍል ትምህርት፣ ጉልበትን ለሌላ ሰው ማዋልን፣ በደንብ ያየሁበት ሰው ግን የእኛ አይደለም። ኤሪክ ሊደል ይባላል፤ ከስኮትላንዳውያን ሚስዮናውያን ቻይና ውስጥ የተወለደ ሯጭ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ላይ ወደቀ። ሊደል ሰንበትን አልሽርም አለ። መርሐ ግብሩን ያወቀው ከወራት በፊት ስለነበር ለ400 ሜትር ተዘጋጀና በ47.6 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣውና የኦስካር ሽልማት ያገኘው ፊልም እዚህ ድረስ ያለውን ይተርካል። ሰባኪዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ለእግዚአብሔር ታመነ፣ ወርቅ ተሸለመ። የሚያስጨበጭብ ታሪክ ነው።

እኔን የያዘኝ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ነው። ሊደል በዓመቱ ሩጫውን ትቶ ለሚስዮን ሥራ ወደ ቻይና ተመለሰ። ጦርነቱ መጣና ጃፓኖች ዌይሺየን በሚባል የእስረኞች ሰፈር ከብዙ መቶ የውጭ ሀገር ሰዎች ጋር አጎሩት። እዚያ ውስጥ ወላጆቻቸው ሩቅ የሆኑ ልጆች ነበሩ። ሊደል ያስተምራቸዋል፣ የተሰበረ የሆኪ ዱላ ይጠግንላቸዋል፣ ጨዋታ ያዘጋጅላቸዋል፤ እሑድ ሲሆን ግን የለም። ልጆቹ አንድ እሑድ ራሳቸው ሆኪ ጀመሩ፤ ዳኛ ስላልነበራቸው ጨዋታው በድብድብ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሊደል ሜዳ ወርዶ ዳኘ። የወርቅ ሜዳሊያ እንኳ ያላስጣሰውን ሰንበት ልጆች እንዳይደባደቡ ብሎ ጣሰው፤ ወይስ አከበረው ልበል? በዚያው ሰፈር በየካቲት 1945 እ.ኤ.አ. በጭንቅላት ዕጢ ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለቀ የመሮጫ ጫማውን ለአንድ ታዳጊ ሰጥቶት ነበር፤ የልጁ ጫማ አልቆ ክረምቱ በርዶ ነበርና።

ፓሪስ ላይ ያለው ሊደልና ዌይሺየን ያለው ሊደል አንድ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ግን ያደገው ነው። እንጦጦ ላይ ውሃ መጠጣት ያሳፈራት ልጅም በእኔ ግምት በዚያው መንገድ ላይ ናት።

ከእኛ ሰው አበበን ላንሣ። ሮም በባዶ እግር፣ ቶኪዮ በጫማ፣ ሁለት ተከታታይ የኦሎምፒክ ማራቶን፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በዓመቱ እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ሲወረውር ታየ። ድሉም የአምላክ ፈቃድ ነበር፣ አደጋውም የአምላክ ፈቃድ ነው ብሎ ሁለቱን እኩል ተቀበለ ይባላል። እንዲህ ያለው ንግግር በሌላ ሰው አፍ ባዶ መጽናኛ ይሆናል። በዓለም ፊት ሁለት ጊዜ ያሸነፈ እግር ሬሳ ሆኖ አብሮት ተቀምጦ ሳለ ቀስት ላነሣ ሰው ግን እኔ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲሞት 41 ዓመቱ ነበር።

የስፖርቱ ዓለም ይህን ሁሉ "ስፖርታዊ ጨዋነት" በሚል ሁለት ቃል ያልፈዋል። ደንብ ላይ ይጻፋል፣ ዋንጫ ይሰጥበታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ለተሸነፈ ቡድን ማባበያ ነው። ቃሉ ራሱ ያስቀኛል፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ጨዋ" ሲሉ ያልተማረ፣ ዜማም ቅኔም የማያውቅ ማለታቸው ነው። በሌላው አፍ ግን ጨዋ በደንብ ያደገ፣ አሳዳጊ የነካው ነው። ጨዋነት በትምህርት እንደማይገኝ፣ ከአሳዳጊ እንደሚወረስ ከዚህ በላይ የሚናገር ያለ አይመስለኝም።

ደራርቱን ያሳደጓት በቆጂ ላይ ነው። ባርሴሎና ላይ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ውድድሩ ሳያልቅ ብዙ ዙር እየቀረ ወጥታ ስትሄድ ደራርቱ ተከተለቻት፤ ከኋላዋ አልተለየችም፤ መጨረሻው ሲቀርብ አለፈቻትና በ31:06.02 ገባች። ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ያኔ ብቻዋን መጨፈር ትችል ነበር። ቆመች። ማየርን ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኦሎምፒክ ገብታ አታውቅም ነበር፤ ማንዴላ ከወኅኒ ከወጡ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ዲፕሎማቶች ያልቻሉትን ምስል አንዲት የበቆጂ ልጅ ሳትለማመደው ሰጠች። የደራርቱን እጅ አልፎ አልፎ አያለሁ፤ ፎቶግራፉ ላይ ማየርን የያዘችው አጥብቃ ነው።

አቴንስም ላይ እንዲሁ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የቋንጃ ሕመም ይዞ ሦስተኛ ተከታታይ ወርቁን ሊሞክር ገባ። ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን በሙሉ ኃይላቸው መሄድ ሲችሉ ዞር እያሉ አዩት፣ ዙሩንም አበረዱለት። አንዳንድ ተንታኝ ያኔ የማይገባ ርኅራኄ ነው ብሎ ነበር፤ ከኋላ ሌሎች ቢመጡስ? እውነቱን ነው፤ አደጋ ነበረው። ኃይሌ አልቻለም፤ ልጆቹ ሄዱ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ። ያ ዞር ማለት ግን ሰዓት ላይ አይመዘገብም። ሱሉልታ ላይ ያልዞረችው ልጅ ይህን ውድድር የምታስታውስበት ዕድሜ አልነበራትም።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ደግሞ አለ። አልማዝ አያና በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ሮጣ ለ23 ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ሴኮንድ ስታሻሽል ዓለም ተጠራጠረ። እሷም አበረታች መድኃኒቴ ልምምዴና ኢየሱስ ናቸው ብላ መለሰች። መልሱ ለእሷ ከልቧ ነበር። ነገር ግን ከእሷ ወዲህ ያንን ዓይነት አነጋገር እንደ ጋሻ የሚይዙት በዝተዋል፤ በመድኃኒት የተያዙ አማኞችም አይተናል። እምነት የሽንት ናሙናን አይተካም። ንጹሕ የሆነ ሰው መመርመርን የሚፈራበት ምክንያት የለውም፤ ንስሐ መግባትን የማይፈራው ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል። ሰፈሬ ያሉ ወጣቶች ዕድሜያቸውን በአራት ዓመት ቀንሰው ለታዳጊዎች ውድድር ሲመዘገቡ አማትበው ነው። እንዲህ ሲሆን ማማተቡ ከምን ይቆጠራል?

ሌላውን የመውቀስ ድፍረት ከየት አመጣሁ? ስለዚህ የራሴንም ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተሳትፌ ነበር። ኃይሌ ራሱ በ1994 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ያሸነፈበት፣ ዛሬ ከተማው ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ የሚወጣበት 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ሄዶ፣ ዞሮ፣ በማዶው አስፋልት ይመለሳል። ትንፋሼ አጥሮ ነበር። ከፊቴ ያሉ ሁለት ጎረምሶች አካፋዩን ዘለው ወደ ተመላሾቹ ሲቀላቀሉ አየሁና እኔም ዘለልኩ። መስቀል አደባባይ ስገባ ሜዳሊያ አጠለቁልኝ። ልጄ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይዞት ሄደ።

በሳምንቱ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ለመሳቅ እንደፈለጉ ገባኝ።

"ስንተኛ ወጣህ?" አሉኝ።

"አይታወቅም አባ፤ ወደ አርባ ሺህ ሰው ነው የሚሮጠው።"

"ታዲያ ማንን ቀደምክ?"

"ማንንም።"

"እንግዲያው የማንን ነው የሰረቅኸው?"

መልስ አጣሁ። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉና፣ "ያስቀረሃትን መንገድ ሄደህ ሩጣት። ልጅህንም ይዘኸው ሂድ" አሉኝ።

ማክሰኞ ማለዳ ሄድን። ልጄ ሰዓት ያዘልኝ። አንድ የሕንፃ ጥበቃ ጋቢውን ተከናንቦ ሲያየን ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ ሩጫው እኮ አለፈ" አለኝ። ያቺ መንገድ ሄዳ መመለሷ 1,200 ሜትር ያህል ናት። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀችብኝ።